ሆርንፓይፕ ቀንድ የለውም

በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ጡረታ ወጣሁ ስል ሰው ይስቃል። ወላይታ ሶዶ ላይ አብረውኝ ሴራሚክ የሚያነጥፉት ልጆች «ጋሽ ጡረተኛ፣ እስቲ ስሚንቶውን አቀብሉን» ይሉኛል። ይሳቁ። ጡረታ ማለት አንድን ሥራ ላይመለሱበት መተው ከሆነ እኔ ከሙዚቃ ጡረታ ወጥቻለሁ። አበል የለኝም፣ መሸኛ ግብዣም አልተደረገልኝም። ይዤ የወጣሁት ንዴቴን ብቻ ነው፤ እሱም እስካሁን አልበረደም። «እጅህ እኮ ጥሩ ነበር፣ ለምን ተውከው?» ለሚሉኝ ሰዎች በአጭሩ መመለስ ስላቃተኝ ነው ይህን የምጽፈው። ነገሩ ስለ አንድ ቃል፣ ስለ አንድ የፍየል ቆዳ እና ጋሽ አንጁሎ ስለሚባሉ ሰው ነው።

ያደግኩት ጉኑኖ ነው። ሙዚቃ ያስተማረኝ ሰው የለም። አንድ የመዘምራን ቡድን አንገቱ ተሰብሮ የጣለውን ቫዮሊን ለምኜ ወሰድኩና በአናጢ ኮላ አጣበቅኩት። አያያዙን ከስልክ ላይ እያየሁ፣ ኖታ ማንበብን ሽፋኑ ከተገነጠለ መጽሐፍ ላይ ተማርኩ። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ቢጠና፣ አንድ የባህል ቡድን ውስጥ ነበር። እዚያ የነበረው አለቃዬ ቫዮሊኑን «የፈረንጅ ማሲንቆ» ስለሚለው ጉልበቴ ላይ አቁሜ እንድጫወት ያዝዘኝ ነበር። «አገጭህ ሥር ስትወትፈው ሕዝቡ ጥርስህን ያመመህ ይመስለዋል» ይለኛል። ክፉ ሰው አልነበረም። ደመወዙ ከመዘግየቱ በቀር ሥራውም ክፉ አልነበረም።

ከዚያ ሁምቦ ወረድኩ። የሁምቦ ሙቀት እንጨት ያደርቃል። የክር መወጠሪያዎቹ ይላላሉ፤ ዘፈኑ መሃል ላይ ጥው ብለው ይፈታሉ። መድኃኒቱን እዚያ አገኘሁት፤ መወጠሪያውን ነቅሎ በደረቅ ጠመኔ ማሸት፣ ከዚያ ወደ ውስጥ እየገፉ ማዞር። ጠመኔው ከበዛ ይቆልፋል፣ ካነሰ ይንሸራተታል። የቀስቱ ጭራ ሲያልቅብኝ ደግሞ አንድ ባለጋሪ የፈረሱን ጭራ እንዲያስቆርጠኝ ለመንኩት። «ወንድሜ፣ ፈረሴን ልትላጨው ነው እንዴ?» አለኝ። የሚሻለው የወንዱ ፈረስ ጭራ ነው፤ የሴቷን ሽንት ያበላሸዋል። ይህን የመሰለ ነገር ማወቅ ያስደስተኝ ነበር። ሰው ፊት ብዙ አልናገርም፤ እንጨትና ጭራ ግን መልስ ይሰጡኛል።

ሶዶ የገባሁት አንድ የሙዚቃ ማሠልጠኛ ማዕከል የቫዮሊን አሠልጣኝ ሲፈልግ ነው። ሥራ አስኪያጁ አቶ ደረጀ ይባሉ ነበር። መናገር የሚችሉ፣ መድረክ የሚወዱ፣ እንግዳ ሲመጣ ክራቫት የማይረሱ ሰው። እኔ በገባሁበት ጊዜ ሩት የምትባል እንግሊዛዊት በበጎ ፈቃድ ልታስተምር መጥታ ነበር። ይዛ የመጣችው ሦስት ቫዮሊኖችና በጥቁር ሳጥን የታሸገ አንድ እንግዳ ነገር ነው። ሳጥኑን ስትከፍተው ሁላችንም ወደ ኋላ አልን። የቆዳ ስልቻ ላይ የተሰኩ አምስት የእንጨት ቧንቧዎች፤ አንዱ መንፊያ፣ አንዱ ዜማ ማውጫ፣ ሦስቱ ረጃጅም። ፈረንጆቹ ባግፓይፕ የሚሉት ነው። እኛ በማግስቱ «የስልቻ ዋሽንት» አልነው፤ ስሙም ያ ሆኖ ቀረ።

ሩት ያስተማረችን የአገሯን የጭፈራ ዜማዎች፣ ሆርንፓይፕ የሚባሉትን ነው። «ሆርን» ቀንድ ነው፣ «ፓይፕ» ደግሞ ቧንቧ ወይም ዋሽንት። እሷ እንደነገረችን፣ ድሮ በዚህ ስም የሚጠራ ጫፉ ላይ ቀንድ የተገጠመለት መሣሪያ ነበር። መሣሪያው ከሰው እጅ ሲወጣ ስሙ ጭፈራውና ዜማው ላይ ቀረ። ዛሬ ዜማውን የሚጫወቱት በቫዮሊን ነው፣ ወይም በስልቻ ዋሽንት። ቀንድ የሚባል ነገር አጠገቡ የለም። አንባቢ ይህን አንድ ነገር እንዲይዝልኝ እለምናለሁ፤ ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ የሆነው አንድ ሰው ይህን መያዝ ስላልፈለገ ነው።

ዜማው አራት ምት ነው። ወረቀት ላይ ድምፆቹ እኩል እኩል ሆነው ተጽፈዋል። እኔም እኩል እኩል አድርጌ፣ እንደ ጡብ ደርድሬ ተጫወትኩት። ሩት ጆሮዋን ያዘች። «አይደለም! ወረቀት ውሸታም!» አለች በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ። ሲጫወቱት አንዱ ድምፅ ይረዝማል፣ ተከታዩ ያጥራል፤ ይረዝማል፣ ያጥራል። እንዲህ ብላ ብታስረዳኝም እጄ አልታዘዝ አለኝ። ያን ጊዜ ከበሩ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ከበሮ ይጠግኑ የነበሩት ሰው ቀና ሳይሉ ተናገሩ።

«ዜማዋ እኮ አንድ ጫማዋ ሰፍቷታል።»

«ምን አሉ?»

«አንዱ ጫማ ልኳ ነው፣ አንዱ ሰፍቷታል። ገበያ እየሄደች ነው። በሰፊው ጫማ ቶሎ ታነሣለች፣ በልኳ ትቆማለች። እስቲ እንደሷ ሂዳት።»

ተነሥቼ ክፍሉ ውስጥ እንዳሉት ሄድኩ። ሩት ሳቋን መቆጣጠር አቃታት። ስቀመጥ እጄ ዜማውን ያዘው። ጋሽ አንጁሎን ያወቅኳቸው እንዲህ ነው።

ጋሽ አንጁሎ የማዕከሉ ንብረት ጠባቂና መሣሪያ ጠጋኝ ነበሩ። ከቤተሰባቸው የመሥሪያ ቤት መታወቂያ አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው። አባታቸው ቆዳ አልፊ ነበሩ። ከሌላ አገር ለሆነ አንባቢ ይህ ምንም ላይመስለው ይችላል፤ የእኛ አገር ሰው ግን ሳይነገረው ገብቶታል። ቆዳ የሚያለፋ፣ ሸክላ የሚሠራ፣ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው በሕግ ከማንም እኩል ነው፤ ማሰሮውም ማረሻውም ቤታችን ይገባል። ሰውየው ግን ደጅ ይቀራል። አቶ ደረጀ ለእኔ «አቶ» ሲሉኝ፣ በአባቴ ዕድሜ ያሉትን ሰው «አንጁሎ፣ ና እስቲ» ይሏቸው ነበር።

የሰውየው አሠራር ልዩ ነበር። አዲስ ዜማ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠይቁት «ማን ይጨፍርባታል?» ብለው ነው። የሚጨፍርባት ከሌለ አይማሯትም። ካለ ደግሞ መሬት መሬት እያዩ እስከ መጨረሻው ያዳምጣሉ፤ ጣታቸውን እንኳ አያንቀሳቅሱም። በሌላ ቀን ነው መሣሪያ የሚያነሡት። የዋሽንቱን ምላስ፣ ማለትም ነፋሱ ሲመታው የሚንቀጠቀጠውን ቀጭን የመቃ ስንጣሪ፣ ሲያወሩ ሁሉ ጉንጫቸው ውስጥ ያኖሩታል፤ እንዳይደርቅ። ስለዚህ በአንድ ወገን ከንፈራቸው ነው የሚያወሩት። ሥራ ሲጀምሩ እጃቸውን በሎሚ ይታጠባሉ። «ቅባት ያለበት እጅ ውሸት ያወጣል» ይላሉ።

ሩት መሣሪያዎቹን ለማዕከሉ ትታ ከሄደች በኋላ በበጋው የስልቻው ቆዳ ተሰነጠቀ። ከእንግሊዝ ማስመጣት የማይታሰብ ነው። ጋሽ አንጁሎ ስልቻውን አገላብጠው አዩና ገበያ ወጥተው አንድ ፍየል መረጡ፤ የመረጡት ሥጋዋን ሳይሆን ቆዳዋን ዳብሰው ነው። ሆዷን ሳይሰነጥቁ፣ ካልሲ እንደሚወልቅ አድርገው ገፈፏት። ጠጉሩን አወረዱ፣ ቆዳውን አለፉ፣ ነፋስ እንዳያሳልፍ ውስጡን በማርና በእንቁላል አሹት። በፊት እግሮቿና በአንገቷ ቀዳዳዎች ቧንቧዎቹን ሰክተው በክር አሰሩ። ለምላሱ የሚሆነውን መቃ ከወንዝ ዳር አይቆርጡም፤ «ውኃ የጠገበ መቃ ሰነፍ ነው» ይላሉ። ከዳገት ላይ፣ ቆሞ የደረቀውን ነው የሚመርጡት። ሲነፉት ድምፁ ከመጀመሪያው የሞላ ሆነ። ይህን ያደረጉት ከአባታቸው በተማሩት እጅ ነው፤ ያ እጅ ነው ኋላ የተቆጠረባቸው።

እኔ ቫዮሊን፣ እሳቸው የስልቻ ዋሽንት ይዘን አብረን ስንጫወት ሕጉ አንድ ነበር። ቫዮሊን ወደ ዋሽንቱ ይሄዳል እንጂ ዋሽንቱ ወደ ቫዮሊን አይመጣም። የስልቻ ዋሽንት አንዴ ከተቃኘ ተቃኘ ነው፤ እኔ ነኝ ክሬን እያጠበቅኩ የምከተለው። ደግሞም ነፋሱ አይቋረጥም፤ እስትንፋስ መሃል ዝም ማለት የለም። ሆርንፓይፕ ደግሞ የዜማው ቤት ሲዘጋ ሦስት ጠንካራ ምት ይፈልጋል፤ ጨፋሪዎቹ በእግራቸው የሚደልቁት እሱን ነው። እኔ በሦስት ቀስት እመታዋለሁ። እሳቸው ድምፁን ማቆም ስለማይችሉ በመሃሉ አንዲት ጣት ብድግ አድርገው ይመልሳሉ፤ ዓይን አያያትም፣ ጆሮ ግን ሦስቱን ለይቶ ይሰማል። ይህችን ጣት ለማስተካከል አንድ ክረምት ሙሉ ፈጀባቸው።

አሁን ወደ ቃሉ ልመለስ።

የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ የጊፋታ በዓል ሲቃረብ አቶ ደረጀ ዝግጅት አሰቡ። የእኛን ሆርንፓይፕ ሰምተዋል፣ ወደውታል። ቃሉን በመዝገበ ቃላት ፈትተው ማስታወቂያው ላይ «የቀንድ ዋሽንት ባህላዊ ዜማ» ብለው አስጻፉት። ሳየው ደነገጥኩ። በእኛ አገር ቀንድ ማለት ሌላ ነገር ነው። ቀንድ የሚነፋው ትልቅ ሰው ሲሞትና ትልቅ ደስታ ሲሆን ነው፤ ነፊዎቹም የሚታወቁና የሚከበሩ ናቸው። ከነሱ አንዱ የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ ባሳ፣ ጉኑኖ አሉ። ወደ ቢሮ ገባሁ።

«አቶ ደረጀ፣ ሆርንፓይፕ ቀንድ የለውም። ስሙ ብቻ ነው።»

«ትርጉሙ ቀንድ አይደለም እንዴ?»

«ትርጉሙ ነው። እሱ ግን አይደለም። ሰው ቀንድ ሊሰማ ይመጣል።»

«አንተ ደግሞ ነገር ታበዛለህ» አሉ እየሳቁ። «ስልቻ ቀልቀሎ፣ ቀልቀሎ ስልቻ! ቀንድም ሆነ ቆዳ ያው ከከብት ነው የሚወጣው። ሂድ ተለማመድ።»

ወጣሁ። በዚያው ሳምንት አጎቴን የክብር እንግዳ አድርገው እንደጠሩ ያወቅኩት አዳራሹ ውስጥ፣ የፊት ወንበር ላይ፣ ነጭ ለብሰው ከሌሎች ሽማግሌዎች ጋር ተቀምጠው ሳያቸው ነው።

አቶ ደረጀ ማይክ ያዙ። «አሁን ደግሞ ሊጠፋ የተቃረበውን የአባቶቻችንን የቀንድ ዋሽንት ዜማ፣ የቀንድ ነፊዎቻችን አባት አቶ ባሳ በተገኙበት!» አዳራሹ አጨበጨበ። አጎቴ ተነሥተው እጅ ነሡ። መጋረጃው ተከፈተና እኛ ወጣን፤ እኔ ቫዮሊን፣ ጋሽ አንጁሎ ብብታቸው ሥር ፍየል።

የስልቻ ዋሽንት ዜማው ከመጀመሩ በፊት ያጉረመርማል። ስልቻው ሲሞላ ሦስቱ ረጃጅም ቧንቧዎች አንድ ድምፅ ይዘው እምምም ይላሉ፤ ከዚያ ነው ዜማው የሚመጣው። ያ ድምፅ ሲነሣ ከኋላ አንዱ ጮኸ፦ «ኧረ ፍየሏ ገና አልሞተችም!» ሌላው ቀጠለ፦ «ቢላ አቀብሏቸው!» አዳራሹ ሳቀ። ጋሽ አንጁሎም በዓይናቸው ሳቁ፤ አፋቸው ነፋስ ላይ ነው። ጀመርን። የመጀመሪያው ቤት አማረ። ሦስቱን ምት ስንመታ የወጣቶቹ እግር ሲመልስ ሰማሁ። እዚያ ላይ ቢያልፍ ኖሮ ያልፍ ነበር።

አጎቴ ተነሡ። «ቀንዱ የት አለ?» አሉ በወላይትኛ። ድምፃቸው ቀንድ የለመደ ድምፅ ነው፤ ማይክ አያስፈልገውም። «ቀንድ ብላችሁ ጠርታችሁኝ ይሄ የማን ልቅሶ ነው? ማን ሞተ?»

ሳቁ በአንድ ጊዜ ጠፋ። ጋሽ አንጁሎ አጎቴን አዩ። ደነገጡና ከልክ በላይ ነፉ፤ የትንፋሹ እርጥበት ምላሱን አጣበቀው። የዜማው ዋሽንት አንዴ ሲጥ አለና ተዘጋ። ሦስቱ ቧንቧዎች ግን አልተዘጉም። እምምም። ዜማ የሌለው ማጉረምረም ብቻ፣ እውነትም ልቅሶ የሚመስል። እኔ ቫዮሊኑን ይዤ ብቻዬን ቀጠልኩ፤ ሌላ ምን ላድርግ? አጎቴ ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ፣ ሽማግሌዎቹ ተከተሏቸው። አቶ ደረጀ ከመጋረጃው ጥግ በመዳፋቸው ጉሮሯቸውን እየገዘገዙ «ቁረጡ! ቁረጡ!» ይሉናል። ስልቻው ጎድሎ እስኪያልቅ ድረስ ግን አይቆረጥም። ጋሽ አንጁሎ አቅፈውት ቆሙ፣ ቀስ እያለ እስኪሞት።

በሳምንቱ ግምገማ ተጠራ። ሁላችንም ተሰበሰብን፤ ጋሽ አንጁሎ በሩ አጠገብ ተቀመጡ። አቶ ደረጀ ቃለ ጉባኤ ያዡን አዩና ጀመሩ።

«ቃሉን ያቀበለኝ አንጁሎ ነው። ‹የቀንድ ነው› ብሎ አሳሳተኝ። ሽማግሌዎቻችን ተዋርደው ሄደዋል፤ ‹ያ ሰው ባለበት ዳግም አንመጣም› ብለዋል። እኔም ጥፋት አለብኝ። ከየት ቤት እንደመጣ እየታወቀ መድረክ ላይ ያወጣሁት እኔ ነኝ። ይሄ የኔ ድክመት ነው፣ ሂሴን ውጫለሁ።»

ይህን ዓረፍተ ነገር ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ሰው ራሱን እየገመገመ ሌላውን ሲሰድብ እንዲህ ተሳክቶለት አላየሁም። ሂስ የዋጡት እሳቸው፣ ያነቀው ግን የሌላ ሰው ጉሮሮ።

በስብሰባ ላይ ተናግሬ አላውቅም። ያን ቀን ተነሣሁ። «ቃሉን የተረጎሙት እርስዎ ነዎት። እኔ ቢሮዎ ገብቼ ቀንድ የለውም ብዬዎታለሁ። ‹ስልቻ ቀልቀሎ› ብለው መለሱኝ። ጋሽ አንጁሎ ማስታወቂያውን ያዩት ግድግዳ ላይ ከተለጠፈ በኋላ ነው።»

ሁለት ሦስት ሰው ሳቁን ዋጠ። አቶ ደረጀ አልተቆጡም። «በጽሑፍ አቅርበሃል?» አሉኝ።

«አላቀረብኩም። ፊት ለፊት ነው የነገርኩዎት።»

«እንግዲህ» አሉና ወደሚቀጥለው ተናጋሪ ዞሩ።

የሚቀጥለው ተናጋሪ አቶ ደረጀን ደገፈ፤ ከሱ ቀጥሎ ያለውም። አብረውን በጋሽ አንጁሎ እጅ በተጠገነ ከበሮ ደመወዝ የሚበሉ ሰዎች ናቸው። የጋሽ አንጁሎ ውል እንዳይታደስ ተወሰነ። እሳቸውም ተነሥተው ከመጋዘን የስልቻ ዋሽንቱን አመጡና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። ክሩን ፈቱ። ቧንቧዎቹን አንድ በአንድ ከቆዳው ነቀሉና ደረደሯቸው። ቆዳውን አጥፈው ብብታቸው ሥር ከተቱ።

«እንጨቷ የናንተ ናት» አሉ። «ቆዳዋ የኔ ናት።»

ወጡ። መታወቂያቸው ከቧንቧዎቹ አጠገብ ቀርቶ ነበር።

እኔ ተስፋ አልቆረጥኩም። የአቶ ደረጀ ዋናው ማስረጃ የሽማግሌዎቹ ቅሬታ ነው፤ የሽማግሌዎቹ ታላቅ ደግሞ የገዛ አጎቴ። እሳቸው መጥተው «የዋሸኝ ሰውየው ሳይሆን ማስታወቂያው ነው» ካሉ ነገሩ ይገለበጣል ብዬ ቫዮሊኔን በጀርባዬ አዝዬ ጉኑኖ ሄድኩ። አጎቴን ደጃቸው ላይ፣ እንሰቱ ጥላ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው።

«አንተ ልጅ፣ አፈርኩብህ» አሉ ገና ሳልቀመጥ። «ቀንድ ብለው ጠርተው ፍየል ያመጡብኛል? ያንተ እጅ ያለበት ነገር!»

ቃሉን አስረዳኋቸው። ድሮ ቀንድ ያለው መሣሪያ እንደነበረ፣ መሣሪያው ሄዶ ስሙ እንደቀረ፣ አለቃዬን እንዳስጠነቀቅኩ። ቀስ እያሉ ፊታቸው ተፈታ። በመጨረሻ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ።

«ስሟ ባለቀንድ፣ እሷ ጎዳ! እንዲህ ያለች ላም ገበያ ላይ አይቻለሁ። በል እስቲ ደግመህ አሰማኝ።»

ተጫወትኩላቸው። ሦስቱ ምት ሲመጣ በከዘራቸው መሬቱን መቱ። «ይቺስ ደህና ናት። የእግር ናት። ልቅሶ አይደለችም፤ ተሳስቻለሁ» አሉ። አጎቴ ተሳስቻለሁ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። «ሰኞ እመጣለሁ። አለቃህን ሰው ፊት ‹ዋሸኸኝ› እለዋለሁ።»

እጃቸውን ሳምኩ። የሚጠጣ እንዲያመጡልኝ ወደ ቤት ተጣሩና፣ እግረ መንገዱን እንደሚጠይቅ ሰው፦

«ያ ነፊው የማን ልጅ ነው?» አሉኝ።

ነገርኳቸው።

«ቆዳዋን ያለፋት ራሱ ነው?»

«ራሳቸው ናቸው። አባታቸው አስተምረዋቸው።»

አጎቴ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙት። «እመጣለሁ ብያለሁ፣ ቃሌን አላጥፍም» አሉ። «ግን እሱ እዚያ አይኑር። ከነሱ ጋር አንድ አግዳሚ ላይ አልቀመጥም። በአባቴ ጊዜም አልነበረ።»

«አጎቴ፣ እርስዎ የሚመጡት ስማቸውን ሊያጠሩላቸው ነው። እሳቸው ከሌሉ ለማን ብለው ይመጣሉ?»

«ለእውነቱ ነዋ!» አሉ፤ እኔ ይህን መጠየቄ ገርሟቸው።

አቶ ደረጀ ላይ መናደድ ቀላል ነው፤ የሰውየው ውሸት ወንበሩን ለመጠበቅ ነው፣ መነሻውም መድረሻውም ይታያል። አጎቴ ግን አልዋሹም። አጎቴ ደግ ሰው ናቸው፣ ለጎረቤት እህል ያበድራሉ፣ የተጣላ ያስታርቃሉ። እውነትን ከጉኑኖ ሶዶ ድረስ ተሸክመው ሊሄዱ ተዘጋጅተዋል፤ እውነቱ የሚመለከተው ሰው አጠገባቸው እንዳይቀመጥ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ይህን ማንም ክፋት ብሎ አይጠራውም። «ወግ» ነው የሚሉት። እኔን የሚያቃጥለኝም ይኸው ነው።

ሶዶ ተመልሼ የሆነውን ሁሉ ለጋሽ አንጁሎ ነገርኳቸው። ደብቄ ቢሆን ኖሮ ሰኞ በሩ ላይ ይሰሙት ነበር። መቃ እየሰነጠቁ ነበር፤ ቢላዋው አልቆመም።

«አጎትህ መልካም ሰው ነው» አሉ። «እንደሱ ያሉት መንገድ ላይ ሰላም ይሉኛል። ከማዶ ሆነው።»

«ምን ልበላቸው?»

«አይምጣ በለው። እኔ እንዳልኖር ተስማምተው ወንበሬን ቢመልሱልኝ፣ ማክሰኞ ገብቼ በማን ወንበር ልቀመጥ ነው?»

«እንግዲያ ይክሰሱ! ሕግ አለ። ዝም ይላሉ እንዴ? አይናደዱም?»

ያን ጊዜ ቢላዋውን አቆሙ። «አንተ ተናደድ» አሉኝ። «ላንተ አዲስህ ነው። እኔ በዚህ ነገር ልናደድ ብል መቼ ሠርቼ እበላለሁ?»

ለአጎቴ ደወልኩና አይምጡ አልኳቸው። ተቀየሙ። «እኔ ልረዳው ተነሥቼ!» አሉ።

አቶ ደረጀ ብዙ ሳይቆዩ ጠርተውኝ የጋሽ አንጁሎን ሥራ ደርቤ እንድይዝ፣ ለዚያም ጭማሪ እንደሚያደርጉልኝ ነገሩኝ። «ያለፈው አልፏል፤ አንተ ላይ ቂም የለኝም» አሉኝ። ቂም የለኝም! መልቀቂያዬን በዚያው ቀን አስገባሁ፤ ያንን እንኳ በጽሑፍ አቀረብኩላቸው።

ሴራሚክ መረጥኩ። ውኃ ልክ ይዤ፣ ክር ወጥሬ እሠራለሁ። እዚህ ሥራ ላይ ጠማማ ነገር ለሁሉም ሰው ይታያል፤ ባለቤቱ ገብቶ ጣቱን መገጣጠሚያው ላይ ያሳልፋል፣ ካልገጠመ አፍርሶ ያሠራሃል። ጋሽ አንጁሎ ደግሞ ከከተማው ዳር ሆነው ከበሮ እየወጠሩ ይሸጣሉ፤ ለፍየሏ ቆዳም አዲስ ቧንቧ ጠርበውላታል። ገዢው ከበሮውን ይወስዳል፣ ቤታቸው ግን አይገባም።

በቅርቡ አጎቴ ልጃቸውን ሊድሩ ሆነና ደወሉልኝ። ቂማቸው ለቋቸው ነበር፤ ድምፃቸው ሞቅ ብሏል። «ያቺን እግር የምታስመታ ዜማ ይዘህ ና። ፍየሏንም አምጣት፣ ሰው ይሳቅ።»

«ነፊው ጋሽ አንጁሎ ናቸው፣ አጎቴ።»

«አውቃለሁ። ይምጣ። ከድንኳኑ ውጭ ሆኖ ይነፋል፤ ድምፁ እንደሆን ሩቅ ነው የሚሰማው።»

«ምሳስ?»

«እናወጣለታለን እንጂ! ጦሙን እንሰደዋለን እንዴ?»

አልመጣም አልኳቸው። ሠርጉ የተደረገው ቅዳሜ ነው። እኔ ያን ቀን አንድ መታጠቢያ ቤት ሳነጥፍ ዋልኩ። ቫዮሊኑ ቤቴ ግድግዳ ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ክሩን አላልቼዋለሁ፣ እንጨቱ እንዳይጣመም።

እሑድ እናቴ ከጉኑኖ መጣች። የሠርግ ልብሷን እንኳ አልቀየረችም። ቁጭ እንዳለች ማልቀስ ጀመረች። «በአንድ ፋቂ ምክንያት ደሙን ካደ እያሉ ነው። ዘመድ ሁሉ ፊት። ምን ብዬ ልመልስላቸው?»

«አልካድኩም፣ እማዬ» አልኳት። «ጋሽ አንጁሎ ከአጎቴ ጋር ከአንድ ትሪ የሚበሉበት ሠርግ ሲኖር ንገሪኝ። የዚያኑ ቀን ቫዮሊኔን አውርጄ እመጣለሁ።»

እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ቫዮሊን አየችው፣ እኔንም አየችኝ። የምትቀልድ አትመስልም ነበር።

«እንግዲያማ ሽጠው» አለችኝ።